ቪትዜ ሙቀት ሰርታ 61,000 ብር ተጠየቅኩ፤ ዋጋው ልክ ነው?

የቪትዟ ባለቤት

ሰላም ለሁላችሁም። የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ፣ እስከ ሰኞ መልስ መስጠት አለብኝ።

መኪናዬ ቪትዝ ናት፣ በፈረንጅ የ2003 ምርት፣ 1300 ሲሲ። ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥሯ በ2ኤንዜድ ነው የሚጀምረው። ከገዛኋት አራት ዓመት ሆነኝ። ወንጂ አስተማሪ ነኝ፣ በየቀኑ ከአዳማ እመላለሳለሁ፣ ጠዋት ጠዋት ሁለት ባልደረቦቼን ይዤ ነው የምሄደው።

ሐሙስ ከሰዓት ስመለስ፣ ልክ ከተማ ልገባ ስል ቀዩ የሙቀት መብራት በራ። ምን እንደሆነ ቶሎ አልገባኝም፣ ትንሽ ነዳሁ፣ ከዚያ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ሲወጣ ሳይ ዳር ይዤ አጠፋኋት። አንድ የባጃጅ ሹፌር ደርሶልኝ እስክትቀዘቅዝ አብሮኝ ጠበቀ፣ እግዚአብሔር ይስጠው፣ ውሃ ሞላልኝና ቀስ ብዬ ቤት ገባሁ። አርብ ጠዋት ሰዎች የጠቆሙኝ ጋራዥ ወሰድኳት።

መካኒኩ ኮፈኑን ከፈተ፣ ራዲያተሩን አየ፣ የዘይት መሙያውን ክዳን አንስቶ መለሰው፣ "የቴስታታ ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል፣ ቴስታታው ይወርዳል" አለኝ (ቴስታታ የሞተሩ የላይኛው ክዳን ነው፣ ጓርኒሲዮኑ ደግሞ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ)። አምስት ደቂቃም አልፈጀበትም። ከዚያ በወረቀት ጻፈልኝ፦ ሙሉ የጓርኒሲዮን ሴት (ስብስብ) 14,000፣ ታይሚንግ ቺንጋ (የሞተሩ ውስጥ ቀበቶ) 6,500፣ የውሃ ፓምፕ 9,000፣ ቴርሞስታት 2,500፣ ዘይትና ፊልትሮ 6,000፣ ቶርኖ ቤት (ቴስታታው የሚስተካከልበት) 5,000፣ የእጅ ዋጋ 18,000። ድምሩ 61,000 ብር። ዕቃውን የሚገዛው እሱ ነው፣ 40,000 ቀብድ ዛሬ ካልሰጠሽኝ ሰኞ የዕቃ ዋጋ ይጨምራል ብሎኛል። ደረሰኝ ይኖራል ወይ ስለው "በደረሰኝ ከሆነ ሌላ ሒሳብ ነው" አለኝ።

እኔ ስለ መኪና ብዙ አላውቅም። ባለቤቴ ደግሞ ለሥራ ጅግጅጋ ነው ያለው፣ በስልክ ምን ይበለኝ። መኪናዋ አሁን እዚያው ጋራዥ ቆማለች። 61,000 ለዚህ ሥራ ልክ ነው? ወይስ ሴት ስለሆንኩ ነው እንዲህ የተጻፈልኝ?

አንድ የረሳሁት፦ ካለፈው ሁለት ወር ጀምሮ በየአስር ቀኑ ውሃ ጨምሪ ጨምሪ ትለኛለች። ጭስ ግን የላትም።

ፍራንኮ ሰፈር

እህቴ እንዳትከፍዪ! እኔ በ2013 የኮሮላዬን ቴስታታ አስወርጄ ዕቃውም፣ እጁም፣ ቶርኖውም ተደምሮ 19,000 ነው የጨረስኩት። ሦስት እጥፍ ነው የጠየቀሽ። ዛሬውኑ አስጎትተሽ አውጫት።

ከሞጆ

@ፍራንኮ ሰፈር፣ ወንድሜ የ2013 ዋጋ አሁን ላይ ለማወዳደሪያ አይሆንም። ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን በሐምሌ 2016 ለገበያ ሲለቅ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፣ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ፣ ከዚያም ቀጠለ። መለዋወጫ ሁሉ በዶላር የሚገባ ነው። ሱቅ ገብተህ የዛሬ ሁለት ዓመት ዋጋ ብትጠራ ሻጩ መልስ አይሰጥህም። እኔ ራሴ ባለፈው ወር ለፍሬን ሸራ የከፈልኩት ድሮ ለሙሉ ሰርቪስ የምከፍለውን ነው።

ስለዚህ 61,000 ራሱ ብዙ ነው ትንሽ ነው ማለት ይከብደኛል። እኔን የገረመኝ አምስት ደቂቃ ነው። በአምስት ደቂቃ ቴስታታ ይወርዳል ብሎ የሚወስን ሰው አላምንም።

የድሮ መካኒክ

ልጄ፣ እኔ አዳማ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ትንንሽ ቶዮታ ስሠራ ነው የኖርኩት፣ አሁን ጤናዬ ስላልፈቀደ አቁሜያለሁ። ተረጋግተሽ አንብቢው፣ ትንሽ ይረዝማል።

መጀመሪያ አንድ ነገር። የ2ኤንዜድ ሞተር ታይሚንግ ቺንጋ የለውም። በሰንሰለት ነው የሚሠራው። ወንድሙ 1ኤንዜድም እንደዚያው ነው፣ የቪትዝ ሞተር በጠቅላላው ሰንሰለት ነው። ቺንጋ ያላቸው የድሮዎቹ ናቸው፣ እነ 5ኤ የተገጠመላቸው ኮሮላ 110ና መሰሎቻቸው። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ያለው 6,500 ብር መኪናሽ ላይ ለሌለ ዕቃ ነው። ሌባ ነው ማለቴ አይደለም፣ ከልምድ በቃሉ የሚጽፍ መካኒክ ብዙ ነው፣ ከውጭ ያለውን የዲናሞ ቺንጋ ማለቱም ሊሆን ይችላል። እሱ ግን ይህን ያህል አያወጣም። ጠይቂው፣ መልሱ ራሱ ብዙ ይነግርሻል።

ሁለተኛው ዋናው ነው። ዋጋው ልክ ነው ወይ ብለሽ ጠየቅሽ። እኔ ደግሞ በሽታው ልክ ነው ወይ እላለሁ። መኪና ሙቀት የሚሰራበት ምክንያት ብዙ ነው። ውሃ የሆነ ቦታ ያፈሳል። የራዲያተር ክዳን ይደክማል። ፋኑ አይዞርም፣ ፊውዙ ወይ ሪሌው ተቃጥሎ ይሆናል። ቴርሞስታቱ፣ ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈው ማለት ነው፣ ተዘግቶ ይቀራል፣ 80 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መከፈት ነበረበት። ራዲያተሩ ውስጡ በነጭ ዝቃጭ ይደፈናል፣ የቧንቧ ውሃ እየሞላን ለምንነዳ ለእኛ ይሄ የተለመደ ነው፣ የቤትሽ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ማለት ነው። የውሃ ፓምፑ ያንጠባጥባል። ጓርኒሲዮን ከእነዚህ ሁሉ አንዱ ነው፣ ደግሞ በጣም ውዱ። ብዙ ጊዜም የሌሎቹ ውጤት ነው፣ ማለትም በትንሽ ነገር ውሃ ያልቃል፣ ሞተሩ ይግላል፣ አሉሚኒየሙ ቴስታታ ይጣመምና ጓርኒሲዮኑ ይሄዳል። ያንን ትንሽ ነገር ሳይፈልጉ ጓርኒሲዮን ቢቀይሩልሽ በሦስት ወር ተመልሰሽ እዚያው ነሽ።

አንቺ በየአስር ቀኑ ውሃ እጨምራለሁ ያልሽው ለእኔ ከሁሉ የበለጠ ነው። ያ ውሃ የሆነ ቦታ እየሄደ ነው። ወይ ወደ ውጭ ይፈሳል፣ ወይ ወደ ሞተሩ ውስጥ ይገባል። የመካኒኩ ሥራ የትኛው እንደሆነ ማሳየት ነው።

አንቺ ራስሽ የምታዪው አለ። ጠዋት ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ ሳለ ብቻ፣ በጋለ ሞተር የራዲያተር ክዳን አትንኪ፣ ፊትሽን ያቃጥልሻል። የዘይት መለኪያውን አውጪና እዪ። ዘይቱ ወተት የተቀላቀለበት ቡና መስሎ ከሆነ ውሃ ገብቷል ማለት ነው። ንጹሕ ከሆነ ግን "ጓርኒሲዮን ደህና ነው" ማለት አይደለም፣ ይሄንን ልብ በይ፣ ወደ ዘይት ሳይሆን ወደ ሲሊንደር (ነዳጁ የሚቃጠልበት) ብቻ የሚያስገባ አለ። ቀጥለሽ ክዳኑን ክፈቺና ሰው ሞተሩን ያስነሳልሽ። ውሃው ውስጥ ሳያቋርጥ አረፋ ቡልቅ ቡልቅ የሚል ከሆነ፣ ወይም ገና ሳይሞቅ ውሃውን የሚተፋ ከሆነ የሲሊንደሩ ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው። ያኔ መካኒኩ እውነቱን ነው። መጀመሪያ ላይ ትንሽ አረፋ ቢኖር አየር ነው፣ ይጠፋል። ከጭስ ማውጫው ደግሞ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያቋርጥ ነጭ ጭስ ካለ ያም ምልክት ነው። የጠዋቱ እንፋሎት አይቆጠርም።

መካኒኩ ማድረግ ያለበት ደግሞ ሌላ ነው። ራዲያተሩ አፍ ላይ የሚገጠም በእጅ የሚነፋ ፓምፕ አለ፣ መለኪያ ያለው። ነፍቶ መተው ነው። መለኪያው ከወረደ የሆነ ቦታ ያፈሳል፣ ከሥር ገብተሽ ትፈልጊያለሽ። ሰማያዊ ፈሳሽ ያለው መመርመሪያም አለ፣ የሲሊንደር ጋዝ ውሃው ውስጥ ካለ ፈሳሹ ወደ ቢጫ ይለወጣል። ኮምፕረሽን፣ ማለትም የሲሊንደሩን ግፊት፣ መለካትም ይቻላል። እነዚህ ሁሉ ተደምረው የአንድ ጠዋት ሥራ አይሞሉም። ቴስታታ ለማውረድ 40,000 ቀብድ የሚጠይቅ ሰው ይሄን ለመሥራት ሰዓት ሊያጣ አይገባም።

ሌላ፣ አዳማ ላይ ስለ ክዳን ማንም አያስብም። ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ነን። ክፍት ድስት ውስጥ ውሃ እዚህ በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ94 እና 95 አካባቢ ነው የሚፈላው። ሞተሩ ደግሞ ሲሠራ ወደ 90 ይደርሳል። ውሃው የማይፈላው ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝ ነው፣ ጥሩ ክዳን ካለ ከ110 በላይ ይታገሳል። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ግን ግፊት የለም፣ በግንቦት ሙቀት፣ ሦስት ሰው ጭነሽ፣ ኤሲ ከፍተሽ... ሌላው ሁሉ ደህና ሆኖ ታፈላለች። ስንት ሰው በዚህ ምክንያት ቴስታታ አስወርዶ አይቻለሁ። ያሳዝነኛል።

እሺ፣ ዋጋውስ? ጓርኒሲዮኑ በእርግጥ ተቃጥሎ ከሆነ እንደኔ ከቺንጋው በቀር ወረቀቱ ላይ ያሉት ነገሮች ለዚያ ሥራ የሚያስፈልጉ ናቸው። ቴስታታ ወርዶ ቶርኖ ቤት ሳይሄድ አይመለስም። መጣመሙ በሚሊሜትር መቶኛ ነው የሚለካው፣ በዓይን አይታይም። ዘይት ይቀየራል። ፓምፕ ያረጀ ከሆነ አብሮ ይቀየራል። የእጅ ዋጋውን የዛሬ ሰዎች ይንገሩሽ፣ እኔ ካቆምኩ ቆየሁ።

የቪትዟ ባለቤት

ጋሼ እግዚአብሔር ያክብርልኝ፣ እርስዎ ባይነግሩኝ ምን አደርግ ነበር። ዛሬ ጠዋት ጋራዡ ሄጄ ሳይከፍቱ ጠበቅኳቸው። የዘይት መለኪያውን አወጣሁ፣ ዘይቱ ጥቁር ነው እንጂ ወተት አይመስልም። ረዳቱ ልጅ ሞተሩን አስነሳልኝ፣ መጀመሪያ ትንሽ አረፋ ነበር፣ ከዚያ ቆመ። አምስት ደቂቃ ያህል ቆሜ አየሁ።

መካኒኩ ሲመጣ ስለ ቺንጋው ጠየቅኩት። መጀመሪያ "አለው፣ ሳይቀየር ቢበጠስ ሞተሩ ይሰባበራል" አለኝ። ሰንሰለት ነው አሉኝ ስለው "የፋን ቺንጋውን ማለቴ ነው" አለ። የዚህ ሞተር ፋን በኤሌክትሪክ የሚዞር እንደሆነ በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ እኔም ዝም አልኩ፣ እሱም ዝም አለ። በነፊ ፓምፕ ፈትሽልኝ ስለው "እኔ በዓይኔ ነው የማውቀው፣ ካላመንሽኝ ውሰጂያት" አለኝ። ለመፈተሽ እከፍልሃለሁም ብዬው ነበር።

ተናድጄ ሳይሆን ግራ ገብቶኝ ነው የወጣሁት። ሌላ ጋራዥ ብወስድስ በምን አውቃለሁ? እዚያም ያው ቢሆንስ?

መለዋወጫ ሻጭ

እህት፣ እኔ መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ነው የምሠራው። ከእኛ በኩል ያለውን ልንገርሽ፣ ብዙ ሰው ስለማያውቀው።

ፕሮፎርማ ላይ "ጓርኒሲዮን ሴት 14,000" ብሎ መጻፍ ምንም ማለት አይደለም። የማን ምርት? ለአንድ ሞተር ሦስት አራት ዓይነት አለ፣ የጃፓን ኦርጅናል፣ ሌላ የጃፓን ወይም የታይዋን ስም ያለው ጥሩ ምርት፣ ኮፒ፣ ከዚያ ደግሞ ኦርጅናል ካርቶን ውስጥ የገባ ኮፒ። በመጀመሪያውና በመጨረሻው መሃል ያለው ልዩነት እጥፍም ከዚያ በላይም ነው። መካኒኩ በኦርጅናል ዋጋ ጽፎልሽ ኮፒ ሊገጥም ይችላል፣ ቴስታታው ከተዘጋ በኋላ ማን ከፍቶ ያያል? ስለዚህ ወረቀቱ ላይ የምርቱን ስም አስጽፊ፣ ካርቶኑን ሳይከፈት ልየው በዪ። የወጣውን አሮጌ ዕቃም በፌስታል አስረክበኝ በዪው። ይሄን ከመጀመሪያው ካልሽው ማንም ቅር አይለውም። ሲጨርስ ካልሽው ግን "ጣልኩት" ይልሻል።

ደግሞ እውነቱን ለመናገር፣ መካኒክ ደንበኛ ሲያመጣልን የእሱን ድርሻ ከዋጋው ላይ የምንሰጥበት ጊዜ አለ። ሁሉም ሱቅ አያደርገውም፣ ብዙው ግን ያደርገዋል። ስለዚህ ለዋጋ ስትደውዪ ወይም ስትሄጂ መካኒክ ልኮኝ ነው አትበዪ። የሞተር ቁጥርሽንና የሻንሲ ቁጥርሽን ከሊብሬው ፎቶ አንሺና ይዘሽ ሁለት ሦስት ሱቅ ጠይቂ። ግማሽ ሰዓት ነው የሚፈጀው። ሙሉ ሴቱን ሳይሆን አንዷን ጓርኒሲዮን ብቻ የሚሸጥም አለ፣ ሴቱ ውስጥ ግን የማኒፎልዱም የቫልቩም ላስቲኮች ስላሉ ቴስታታ ከወረደ ሴቱ ይሻላል።

ያገለገለ ዕቃ የሚያመጡልሽም አሉ፣ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሄደው። ለፋን፣ ለራዲያተር፣ ለመብራት ችግር የለውም። የውሃ ፓምፕ፣ ጓርኒሲዮን፣ ቴርሞስታት ግን ያገለገለ አትግዢ።

የደረሰኙ ነገር፦ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ስለሚጨመር ነው "ሌላ ሒሳብ" ያለሽ። 61,000 ላይ ከጨመርሽው 70,150 ነው። ሁለት ጋራዥ ስታወዳድሪ አንዱ ከታክስ ጋር ሌላው ያለ ታክስ ከሆነ ርካሹ ርካሽ ላይሆን ይችላል፣ መጀመሪያ ያንን ጠይቂ። ክፍያውን ደግሞ በእጅ አትስጪ፣ በቴሌብር ወይም በባንክ ላኪው፣ ቢያንስ መቼና ስንት እንደሰጠሽ ይቀራል።

ስለ ፓምፑ፣ 9,000 ለጥሩ ምርት ከሆነ እኔ ጋ ካለው ብዙ አይርቅም። ቴርሞስታቱም እንደዚያው። ዋጋዎቹን አንድ በአንድ ካየሻቸው ከቺንጋው በቀር ያበደ ዋጋ አላየሁም።

ጋራዥ አለኝ

እኔም ልናገር፣ ምክንያቱም እዚህ ስለ መካኒክ ሲወራ ሁልጊዜ ሌባ ተብሎ ነው የሚጀመረው። ጋራዥ አለኝ፣ አዳማ ሳይሆን ሐዋሳ።

18,000 የእጅ ዋጋ ለቴስታታ እኔ ጋ ብትመጪ ከዚያ ብዙም አልቀንስልሽም። ምክንያቱን ልንገርሽ። ቴስታታ ማውረድ ማለት ማኒፎልዱን መፍታት፣ የሰንሰለቱን ሽፋን ማውጣት፣ ሰንሰለቱን በምልክቱ መጠበቅ፣ ቴስታታውን ቶርኖ ቤት ወስዶ ወረፋ መጠበቅ፣ የብሎኩን ፊት ማጽዳት፣ ከዚያ ቡሎኖቹን በቅደም ተከተልና በቶርክ መለኪያ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) ማጥበቅ ነው። ሁለት ሰው ቢያንስ ሁለት ሦስት ቀን። ሰንሰለቷ አንድ ጥርስ ካለፈች ሞተሩ አይነሳም፣ ወይ ቫልቭ ይመታል፣ ያኔ ኪሳራው የኔ ነው። የቤት ኪራይ አለ፣ የልጆቹ ደሞዝ አለ። ዋስትና የምሰጥ ከሆነ ደግሞ የሚመለስብኝን መኪና ከዚያው ብር ላይ ነው የምሠራው። በጣም ርካሽ ዋጋ ሲሰጡሽ የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ ቶርኖ ቤቱ ነው፣ ቴስታታውን በብርጭቆ ወረቀት አሽተው ይመልሱታል። አንዳንዱ ቶርክ መለኪያ ራሱ የለውም፣ በክንዱ ነው የሚያጠብቀው።

ግን ይሄ ሁሉ መኪናዋ ቴስታታ መውረድ ካስፈለጋት ነው። እዚህ ላይ ከጋሼ ጋር ነኝ። ሳይነፋ ሳይለካ የጻፈልሽ ስህተት ነው፣ "በዓይኔ ነው የማውቀው" የሚለው መልስም አልወደድኩለትም፣ ሙያችንን የሚያሰድበው እንደዚህ ያለው ነው። እኛ ጋ ለምርመራ ለብቻ ነው የምናስከፍለው፣ ሥራውን እኛ ጋ ካሠራ ደግሞ ከሒሳቡ እንቀንስለታለን። ሰው ሲሰማ ይከፋዋል፣ "ለማየት ብቻ ብር?" ይላል። ግን ልብ ብለሽ እዪው፣ ለምርመራ የማይከፈለው መካኒክ የሚበላው ዕቃ ሲቀይር ብቻ ነው። ስለዚህ የሚቀየር ዕቃ መፈለጉ አይቀርም።

ለቀጣዩ ጋራዥ ስትሄጂ "ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል ተብያለሁ" አትበዪ። "ሙቀት ሰራች፣ ውሃ ትጨርሳለች፣ የት እንደምታፈስ በግፊት ፈትሽልኝ፣ ለፍተሻው እከፍላለሁ" በዪ። የመጀመሪያውን ወረቀትም አታሳዪው። ካሳየሽው ከዚያ ላይ አምስት ሺህ ቀንሶ ያንኑ ሥራ ነው የሚሰጥሽ። ደግሞ ጅቡቲ መንገድ ዳር ያሉት ብዙዎቹ የከባድ መኪና ጋራዦች ናቸው፣ ጎበዞች ናቸው ግን ላንቺ አይሆኑም፣ ግቢው ውስጥ ቪትዝና ያሪስ ተፈትቶ የምታዪበት ቦታ ሂጂ።

ፍራንኮ ሰፈር

እኔ አሁንም ለፍተሻ መክፈል አይዋጥልኝም ግን የጋራዡ ወንድም ያለው አሳመነኝ መሰለኝ። የ2013 ዋጋ ማምጣቴም ልክ አልነበረም፣ ይቅርታ እህቴ። የኔ ኮሮላ እንዲያውም ከስድስት ወር በኋላ እንደገና ሙቀት ሰርታ ነበር፣ ያኔ ራዲያተሩ ነው ተብሎ ተቀየረ። ይሄን ጽሑፍ ሳነብ ነው ምናልባት ከመጀመሪያውም ራዲያተሩ ብቻ ነበር ያልኩት።

እህቴ መኪናዋን ከማውጣትሽ በፊት ኪሎ ሜትሩን ፎቶ አንሺ፣ ኮፈኑን ከፍተሽ ባትሪዋንም ፎቶ አንሺ። መጥፎ ሰው ነው ማለቴ አይደለም፣ ስለቆመች ነው።

የቪትዟ ባለቤት

ተመለስኩ። ይሄን የምጽፈው የሆነውን ሳትሰሙ እንዳትቀሩ ነው፣ ሁላችሁም ጊዜያችሁን ሰጥታችሁኛል።

ሰኞ ጠዋት ሄጄ መኪናዬን አወጣሁ። መካኒኩ ስላየልኝ ብሎ 500 ብር ጠየቀኝ፣ ሰጠሁት። ከባልደረባዬ ባል ጋር ሆነን፣ ውሃ ሞልተን፣ ቀስ ብለን ሌላ ጋራዥ ወሰድናት፣ ሦስት ቪትዝ የቆመበት ግቢ ነው። የሐዋሳው ባለ ጋራዥ ወንድሜ እንደመከረኝ አልኩ፣ ምን እንደተባልኩ ሳልናገር። ሰውየው "የፍተሻ 1,500 ነው" አለኝ፣ እሺ አልኩት።

ነፋው። መለኪያው ቀስ እያለ ወረደ። ከሥር ገባና በባትሪ መብራት ጠራኝ፣ "ነይ እዪ" አለኝ፣ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከውሃ ፓምፑ ሥር ነጭ የደረቀ መስመር አለ፣ እንባ የወረደበት ፊት ይመስላል፣ ጫፉ ላይ ጠብታ አለች። ከቆየ ነው አለኝ። ከዚያ ክዳኑን ለብቻው በመሣሪያው ሞከረው፣ ግፊት አይይዝም፣ ጎማው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ሰማያዊውን ፈሳሽም አደረገ፣ ሞተሩ ሞቆ ለአሥር ደቂቃ ያህል አቆየው፣ ቀለሙ አልተለወጠም። ፋኑም በሰዓቱ ተነሳ።

ፓምፑን ከሱቅ ራሴ ገዛሁት፣ 8,700፣ ካርቶኑ ሳይከፈት። ክዳን 900፣ ኩላንት (የራዲያተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) 2,400፣ ከውጭ ያለችው ቺንጋ ተሰነጣጥቃ ስለነበር እሷም 1,800። እጁ 3,500፣ ፍተሻውን ከዚያ ላይ ቀነሰልኝ። በአጠቃላይ 17,300 ሆነ፣ የዕቃው ሁሉ ከደረሰኝ ጋር። ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የፈጀው። አሮጌውን ፓምፕ በፌስታል ሰጠኝ፣ በእጄ ሳዞረው ይንገጫገጫል።

አንድ ያሰብኩት ነገር አለ። የመጀመሪያው ወረቀት ላይ ፓምፑ 9,000 ነበር። ልክ ነበር። እጁም ልክ ነበር ብላችሁኛል። ማለት ዋጋ ብቻ ይዤ ሦስት ጋራዥ ብዞር ኖሮ "አዎ፣ ቴስታታ በዚህ ነው የሚሠራው" ይሉኝ ነበር፣ እኔም አምኜ እከፍል ነበር። ያ በጣም አስፈርቶኛል። ሰውየው ዋሽቶኛል ብዬም ለመናገር አልደፍርም፣ ምናልባት እውነት መስሎት ይሆናል። ግን 61,000 ከወር ደሞዜ በላይ ነው የሚሆነው።

ጋሼ፣ አሁን ምን ልጠንቀቅ?

የድሮ መካኒክ

ልጄ ደስ ብሎኛል። ያ ነጭ መስመር በፓምፑ ሥር፣ እሱን ነበር የምፈልገው። ፓምፑ ላይ ሆን ተብሎ የተተወች ቀዳዳ አለች፣ ውስጡ ያለው ላስቲክ ሲያልቅ ውሃው በእሷ እንዲወጣ፣ አስቀድሞ እንዲነግርሽ።

አሁን መጠንቀቅ ያለብሽ አንድ ነገር ነው። ሐሙስ ዕለት ቀዩ በርቶ ትንሽ ነድተሻል። ዛሬ ደህና ነው፣ ቴስታታው ተጎድቶ ከሆነ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚያሳየው። ለሦስት ሳምንት በየጠዋቱ፣ ሞተሩን ሳታስነሺ፣ ትንሿን ተጨማሪ የውሃ ጋን እዪ። በ"ሙሉ" እና በ"ዝቅተኛ" መሃል ከሆነ ጥሩ ነው። ከቀነሰ ምልክት አድርጊበት፣ በእስክሪብቶ። ሦስት ሳምንት ቆሞ ከቀጠለ እርሺው። ከወረደ ደግሞ ሰማያዊውን ፈሳሽ አንድ ጊዜ ይድገምልሽ።

ኩላንቱ ውስጥ የቧንቧ ውሃ አትጨምሪ፣ ቢጎድል የተጣራ ውሃ ይሁን። ቀዩ ዳግመኛ ከበራ ደግሞ መቶ ሜትርም አትንጂ። ቤትሽ ቢታይሽ እንኳ አጥፊና ቁሚ።

የቪትዟ ባለቤት

እሺ ጋሼ። ዛሬ ጠዋት አየሁት፣ መሃል ላይ ነው። በቀይ እስክሪብቶ መስመር አድርጌበታለሁ። ሁለቱን ባልደረቦቼን ይዤ ወንጂ ደርሰናል፣ ኤሲ አልከፈትንም።

ከሞጆ

ያ ሁለተኛው ጋራዥ በየትኛው ሰፈር ነው? በውስጥ መስመር ላኪልኝ፣ የኔም ውሃ መጨመር ጀምራለች።